ቡልቡላ ሲወዛወዝ ሽሮ ሜዳ ለምን ዝም አለ? አፈሩ ነው ወይስ ፎቁ?

የቡልቡላዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እህቴ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ከእናታችን ጋር ናት፣ ግቢ ውስጥ ያለ ምድር ቤት። የካቲት 7 ቀን 2017 አርብ ማታ ያ 6.0 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ አልጋዬ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ቡፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ደረጃ ላይ ተገናኘን። እህቴ ጋ ስደውል "ምን ሆናችሁ?" አለችኝ። እናቴማ ከእንቅልፏም አልነቃችም። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ላይ የመጣውም እንደዚሁ ነበር፤ እኛ ውጪ አደርን፣ እነሱ ጠዋት በዜና ሰሙ።

ሁለታችንም መንቀጥቀጡ ከሚነሳበት ከመተሐራና ከፈንታሌ በኩል ያለን ርቀት ያው ነው። ታዲያ ምንድን ነው ልዩነቱ?

የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ብር እየላከ አፓርታማ ልንገዛ ነው፣ እዚሁ አካባቢ፣ ባለ 12 ፎቅ። አንድ ዘመዳችን "ጥቁር አፈር ላይ ያለ ፎቅ እንዳትገዙ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው" ብሎ አስፈራራን። ደላላው ደግሞ "ፋውንዴሽኑ የብረት መዓት ነው" ይላል። የማንን ልመን? ሌላ ደግሞ፣ ከጥር ወዲህ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። ሳንቲም ያስገባል።

ጀሞ 2፦

እኛም አራተኛ ፎቅ ነን። ጉድ ነው ያየነው። ምድር ላይ ሱቅ ያላት ሴትዮ ግን "ምንም አልተሰማኝም፣ እናንተ ስትወርዱ ነው የደነገጥኩት" አለች። ስለዚህ አፈር አፈር አትበሉ፣ አንድ ሕንፃ ነው ያለነው።

ቆፋሪው፦

የጀሞው ሰው ነገሩን ነክቶታል። እህቴ፣ ሁለት ነገር ነው የቀላቀልሽው፤ ፎቅሽንና አፈርሽን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ለየብቻ ካላየናቸው ደላላውም ዘመድሽም እንደፈለጉ ይጫወቱብሻል።

እኔ ሥራዬ ለሕንፃ መሠረት አፈር መቆፈር ነው። ቦር ሆል፣ ማለት ጠባብ የምርመራ ጉድጓድ፣ እናወርዳለን፣ ናሙና እናወጣለን፣ ሳጥን ውስጥ ደርድረን ለመሐንዲሱ እንሰጣለን። ከሃያ ዓመት በላይ የዚህን ከተማ ሆድ ዕቃ ሳይ ኖሬአለሁ።

መጀመሪያ ፎቁን እንጨርስ። ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ሞገድ መንገድ ላይ ይጨርስና ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው ይተርፋል። ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ አካባቢ በቀጥታ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀስ ያለው ሞገድ ረጅም ሕንፃን ያወዛውዛል፣ ያውም ላይኛውን ፎቅ ከታችኛው ይበልጥ። እናትሽ አለመንቃታቸው ስለዚህ አይገርምም፤ አፈራቸው የእናንተ ቢሆን እንኳ ምድር ቤት ተኝተው ላይሰሙት ይችሉ ነበር። እህትሽን ከእናንተው ሕንፃ ምድር ቤት ካለ ሰው ጋር ነው ማወዳደር።

አሁን ወደ አፈሩ። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ በኩል ስንቆፍር ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ሳንሄድ ድንጋይ እናገኛለን። ማሽኑ ይጮሃል፣ ውሃው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ በሰዓት የምንሄደው ስንዝር ነው። ወደ ቦሌ፣ ቡልቡላ፣ አቃቂ ቃሊቲ ስንወርድ ደግሞ መጀመሪያ ዋልካው ነው፣ ያ ጥቁር አፈር የምትሉት። መዶሻውን እንለቀዋለን፤ 63.5 ኪሎ ነው፣ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይወድቃል። ዘንጉ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ጊዜ እንደተመታ እንቆጥራለን። ዋልካው ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ሲመታ ግብት ይላል። ቱቦውን ስትከፍቺው አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጥፍር የሚጫር ነው። ከሥሩ ቡናማ ጠንከር ያለ ሸክላ፣ ከዚያ የበሰበሰ ባዛልት፣ ከዚያ ጤነኛው ድንጋይ ይመጣል። ይሄ ቅደም ተከተል ከሰፈር ሰፈር ሳይሆን ከግቢ ግቢ ይለያያል። አንድ ጥግ ላይ 4 ሜትር ያገኘነውን ድንጋይ ሌላው ጥግ ላይ 11 ሜትር ላይ ያገኘንበት ቦታ አለ።

ይሄ ለምን ይመለከትሻል? የመንቀጥቀጥ ሞገድ ድንጋይ ውስጥ ይፈጥናል። ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይወድቃል። ጉልበቱ ግን የትም አይሄድም፤ ፍጥነት ሲያጣ በስፋት ያካክሳል። ሞገዱ ያብጣል ማለት ነው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የምድር ገጽ ስላለ ደግሞ እዚያው አፈር ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ቶሎ አይለቅም።

ቀጥሎ የምለውን ብዙ ሰው ይስተዋል። እያንዳንዱ የአፈር ንጣፍ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ፣ ማለት አንዴ ወዲያ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ምት፣ አለው። እያንዳንዱ ሕንፃም አለው። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው መዘዙ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በራሱ ምት ብትገፊው ትንሽ ጉልበት ሰማይ ያደርሰዋል፤ ያለ ምቱ ብትገፊው ግን ክንድሽ ይደክማል እንጂ ልጁ አይሄድም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለሕንፃው፣ የፎቁን ቁጥር ለ10 አካፍይው። ባለ 5 ወለል ግማሽ ሴኮንድ ገደማ፣ ባለ 12 ደግሞ 1.2 ሴኮንድ። ለአፈሩ፣ የለስላሳውን ውፍረት በ4 አባዢና ሞገዱ እዚያ አፈር ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት አካፍይ። ግምት ነው፣ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ያሰላል፤ ግን ደላላ አያታልልሽም።

ሜክሲኮ ሲቲን እዪ። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 መንቀጥቀጡ የተነሳው ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ነው፣ ከከተማው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። መጠኑ 8 ገደማ። ከተማዋ ግማሽዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ላይ ነው፣ ቴስኮኮ በሚባለው። አፈሩ ውሃ የጠጣ ሸክላ ነው። ብዙ ቦታ 40 ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ ሞገዱ እዚያ ውስጥ በሴኮንድ 80 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። 4 ሲባዛ 40፣ ሲካፈል ለ80፣ ሁለት ሴኮንድ። ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ረገፉ። ባለ 15ቱ ስሌት 1.5 ነው የሚሰጠው ብትይኝ፣ ሕንፃ መሰንጠቅ ሲጀምር ይላላል፣ ምቱም ይረዝማል፤ ወደ ሁለቱ ሴኮንድ ራሱ ሄዶ ይገባል። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ድንጋያማው ሰፈር የተለካው መናጥ ከሐይቁ አፈር አራት አምስት እጥፍ ያነሰ ነበር። ጉዳቱም እዚያ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የድሮዎቹ አንድና ሁለት ፎቅ ቤቶች አብዛኞቹ ቆሙ። ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካናም እዚያው ለስላሳው አፈር ላይ ሆኖ ቆመ። አጭሮቹም ረጅሙም ከአፈሩ ምት ውጪ ነበሩ።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ነው። ልክ በ32ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላ መጣ። መጠኑ 7.1፣ ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄኛው ቅርብ ስለሆነ ፈጣኑን ሞገድ ይዞ ነው የደረሰው። በዚህ ጊዜ በብዛት የተመቱት ከ4 እስከ 7 ፎቅ ያላቸው ናቸው፤ ያውም ሸክላው ሳሳ በሚልበት በድሮው ሐይቅ ዳርቻ በኩል። ከተማው ያው፣ አፈሩ ያው፣ የወደቀው ሕንፃ ሌላ። ስለዚህ "ጥቁር አፈር ላይ ያለ ፎቅ ይወድቃል" የሚለው የዘመድሽ አነጋገር ጎዶሎ ነው። የትኛው ፎቅ? ስንት ሜትር አፈር ላይ? ከየት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ?

ርቀቱ ከእኛና ከፈንታሌ ጋር ስለሚቀራረብ ሰው እንዳይደነግጥ ልጨምር። 7.1 ከ6.0 ጋር በጉልበት አርባ እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። የኛው ሜክሲኮ አልሆነም።

አሁን የእኛን እናስላ። 10 ሜትር ለስላሳ አፈር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 200 ሜትር እንበል። 0.2 ሴኮንድ ይወጣል። ይሄ ከባለ ሁለት ፎቅ ጋር ነው የሚገጥመው። ለባለ 12 ፎቅ 1.2 ሴኮንድ እንዲሆን 60 ሜትር ለስላሳ አፈር ያስፈልጋል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚያ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋልካ ላይ ስላለው ባለ 12 ፎቅ ሳይሆን ያለ በቂ ኮለንና ቢም በብሎኬት ስለተቆለለው ጂ ፕላስ 1 እና ጂ ፕላስ 2 ነው ይበልጥ የምሰጋው። ለእሱ ማንም ቦር ሆል አያወርድለትም።

ከዋልካው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ የተሞላ መሬት ነው። የድሮ ካባ ጉድጓድ፣ የወንዝ ዳር ገደል፣ ፍርስራሽና ቆሻሻ ተደፍቶበት ከላይ ገረጋንቲ የለበሰ። ቁልቁለት ከሆነ የባሰ ነው፤ ሲናጥ ተንሸራትቶ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ሰሜኑም ውስጥ አለ። "እንጦጦ ሥር ነኝ፣ ድንጋይ ላይ ነኝ" የሚል ሰው ግቢው ጥግ ላይ ቢቆፈር አራት ሜትር ፌስታልና ሸክላ ስባሪ ሊወጣ ይችላል። አይተናል።

ስንጥቅሽን አልረሳሁም። ጥር በጋ ነው። ዋልካ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። መንቀጥቀጥ ባይኖርም በጥር ግድግዳ ይሰነጠቃል። ዘንድሮ ሁሉም ሰው በመንቀጥቀጡ አሳበበ። ስንጥቁ ላይ ሁለት ቦታ ጄሶ ለጥፊበትና ቀኑን በእርሳስ ጻፊ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እየጠበበ ከመጣ ጥፋተኛው የአፈሩ መንፋትና መኮማተር ነው። ብሎኬቱና ኮለኑ በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነም ብዙ አትጨነቂ። በመስኮቶቹ መሃል በሰያፍ ተሻግሮ የኤክስ ቅርጽ ከሠራ፣ ወይም ራሱ ኮለኑ ላይ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳትይ መሐንዲስ ጥሪ።

ቴሌግራፍ ጎዳና፦

ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነኝ። ቆፋሪው ያለውን እኛ ጋ በዓይን ይታያል። እዚህ ማንዴላ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ አለ፣ መሃሉ ላይ ዛፍ የተተከለበት። በየቀኑ ነው የምነዳበት። ድሮ በዚያ ላይ ሳይፕረስ የሚባል ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1989 በ6.9ኙ መንቀጥቀጥ የላይኛው ደርብ በታችኛው ላይ ወደቀ። 42 ሰው ሞተ። መንቀጥቀጡ የተነሳው ሳንታ ክሩዝ በኩል ነው፣ ከዚህ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። በጠቅላላው የሞተው 63 ሰው ስለሆነ አብዛኛው ያለቀው እዚህች ቁራጭ መንገድ ላይ ነው። የወደቀው ክፍል የባሕር ጭቃ ላይ የቆመው ነው። ጠንከር ያለ መሬት ላይ የነበረው የዚያው መንገድ ክፍል ሳይወድቅ ቀረ።

ከባሕሩ ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማሪና የሚባል የሀብታም ሰፈር አለ። እሱም በከፊል ከእ.ኤ.አ. 1915ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን በፊት በአሸዋና በጭቃ የተሞላ ነው። ቤቶቹ ምድር ላይ ጋራዥ ያላቸው ነበሩ፣ እየተንበረከኩ ወደቁ። የውሃ ቧንቧው ተሰብሮ እሳት ማጥፊያ ውሃ ጠፋ።

ዛሬ እዚህ ቤት ሲሸጥ፣ ቦታው መሬቱ ሊፈስ ይችላል ተብሎ በካርታ የተከለለ ከሆነ ሻጩ ለገዢው በወረቀት የመንገር ግዴታ አለበት። የአገር ቤቱ ደላላ ይሄን ቢሰማ ሥራ ይለቃል።

ሐይቅ ዳር፦

ከሐዋሳ ነኝ። ቆፋሪው፣ እኛ ዋልካ የለንም፤ አሸዋና አመድ ነው ያለን። ሐይቁም እዚሁ ነው። "ሊፈስ ይችላል" የተባለው ምንድን ነው? እኛንስ ይመለከታል?

ቆፋሪው፦

ይመለከታችኋል፣ ከእኛ ይልቅ። ዋልካ ያጣብቃል፣ አይፈስም። ልቅ አሸዋና ደለል ውሃ ጠግቦ ሲናጥ ግን ቅንጣቶቹ ሊጠጋጉ ይሞክራሉ፤ መሃላቸው ያለው ውሃ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይነሳና ቅንጣቶቹን ያለያያቸዋል። ለጥቂት ጊዜ መሬቱ ፈሳሽ ይሆናል። ጃፓን ኒጋታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ፎቅ ቤቶች ግድግዳቸው ሳይፈርስ እንዳሉ በጎናቸው ተኙ። ሰዎች በግድግዳው ላይ እየተራመዱ ወጡ።

ሐዋሳ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ በሞላበት ጎድጓዳ መሬት ላይ ነው። ሁሉም ቦታ ይፈሳል ማለት አይደለም። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ውሃው በስንት ሜትር ይገኛል? አሸዋው ምን ያህል የታመቀ ነው? ውሃ ሦስት ሜትር ላይ አግኝቼ መዶሻው ስምንት ጊዜ ብቻ መትቶ ከገባ ዝም አልልም።

ሸለቆ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በደለል የተሞላ ሸለቆ ሞገዱን በጠርዙ በኩል ያጥፈዋል፤ ከታች የመጣውና ከጠርዙ የታጠፈው አንድ ቦታ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። ኮቤ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የባሰው ጥፋት በከተማው ርዝመት እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠባብ መስመር ላይ ሆነ። መንቀጥቀጡን ያስነሳው የመሬት ስንጥቅ ራሱ ያለው እዚያ መስመር ሥር ሳይሆን ከጎኑ፣ ተራራው ሥር ነው።

ከአገራችን ካራ ቆሬን አንሱ። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራ ቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፣ የደሴው አስፋልት ተሰነጣጠቀ። ቦርከና ሸለቆ ዳር ነው፣ ገደል በአንድ በኩል፣ ደለል በሌላ በኩል። እዚያ ግን መንቀጥቀጡም እግራቸው ሥር ነበር፤ ሁሉንም በአፈር አላሳብብም።

የታዘበ፦

ይሄ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? እግዚአብሔር የጠበቀውን ማን ያፈርሰዋል።

ጀሞ 2፦

አሜን። ኮለኑን ግን እሱ አያፈሰውም ወንድሜ።

የቡልቡላዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አፓርታማውን የሚሠራው ድርጅት ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ የአፈር ምርመራውን አንድ ገጽ ላከልኝ። እንዲህ ይላል፦ ቦር ሆል 2፣ ጥልቀት 15 ሜትር። ኤን በሚለው ሥር 3 ሜትር ላይ 7፣ 6 ሜትር ላይ 12፣ 9 ሜትር ላይ 31፣ 12 ሜትር ላይ "ሪፊውዛል"። ከታች "ግራውንድ ታይፕ ሲ" ተብሏል። ምን ማለት ነው? ግዢ ይላል አትግዢ?

ቆፋሪው፦

ይሄን ማስላክሽ ራሱ ጀግንነት ነው። አንዱን ባለ ሕንፃ አስታውሳለሁ፣ "8 ሜትር ይበቃል፣ ገንዘቤን መሬት ውስጥ አልቀብርም" ብሎ ማሽን ያስነሳን። 8 ሜትር ላይ ገና ጭቃ ውስጥ ነበርን።

ኤን ያ የመዶሻው ቁጥር ነው። ከ15 በታች ለስላሳ፣ ከ15 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 በላይ ጠንካራ በይው። ሪፊውዛል ማለት ዘንጉ አልገባም አለ፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነክተናል ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺ ቦታ ከላይ ሰባት ሜትር ገደማ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ፣ 12 ሜትር ላይ ድንጋይ። ምቱን አስዪው፦ 4 ሲባዛ 12፣ ለ200 ሲካፈል፣ 0.24። ከባለ 12 ፎቅሽ 1.2 ጋር አይተዋወቁም።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወጋው። የአገራችን የሕንፃ ኮድ መሬትን ከኤ እስከ ኢ ይመድባል። ኤ ጤነኛ ድንጋይ ነው፣ ሞገዱ በሴኮንድ ከ800 ሜትር በላይ የሚሄድበት። ሲ መካከለኛ፣ ዲ ልል ነው። ኢ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ለስላሳ አፈር ወዲያው ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነው። ያንቺ 12 ሜትር ላይ ያለው ጤነኛ ባዛልት ከሆነ ወደ ኢ ይጠጋል፤ የበሰበሰ ከሆነ ሲ ማለታቸው ያስኬዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኮዱ በተቀዳበት የአውሮፓው ሠንጠረዥ ሲ 1.15 ሲሆን ኢ 1.4 ነው፣ ንድፉ የሚታሰብለት ኃይል የሚባዛበት ማለት ነው። "ለምን ኢ አላላችሁትም?" ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ጥሩ መሐንዲስ በሁለት መስመር ይመልስልሻል። ከተቆጣ ግን ጠርጥሪ።

ደግሞ ቤዝመንቱ ስንት ነው? ምድር ቤቱስ ምን ሊሆን ነው?

የቡልቡላዋ፦

ቤዝመንቱ ሁለት ነው፣ ለመኪና። ምድር ቤቱ ሱፐርማርኬት ይሆናል፣ ሙሉ መስታወት።

ቆፋሪው፦

ሁለት ቤዝመንት ከሆነ ያ ልሉ አፈር ከሕንፃው ሥር አብዛኛው ተቆፍሮ ወጥቷል፤ የሚያርፈው ጠንካራው ላይ ነው። በአፈሩ በኩል እኔ ብሆን እገዛለሁ።

መስታወቱ ግን አልተመቸኝም። ላይ ያሉት ፎቆች በግድግዳ ተደግፈው ምድር ቤቱ ባዶ ከሆነ ሸክሙ ሁሉ እዚያች አንዲት ወለል ኮለኖች ላይ ነው የሚወርደው፣ ያ የማሪናው ጋራዥ ማለት ነው። የሊፍቱና የደረጃው ዙሪያ የኮንክሪት ግድግዳ ከቤዝመንት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ ይወጣል ወይ ብለሽ የስትራክቸር ፕላኑን አስልኪ። የቀረውን ቦር ሆልም አብረው ይላኩልሽ፤ ቦር ሆል 1 እና 3 የት ሄዱ?